በዋናዋና በጥላዋ መሃል የተጣራው

መጀመሪያ ይህን ያዙልኝ፤ እኔ ሰዎች ተሰብስበው ስለ ዛር፣ ስለ ቡዳ፣ ማንም ሳይነካው ስለሚንኳኳ በር ማውራት ሲጀምሩ ካፖርቴን የምፈልግ ሴት ነኝ፣ ፈርቼ አይደለም፣ ጊዜዬ አሳዝኖኝ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ደሴ፣ ማታ ትምህርት ቤት፣ ልጆቻቸውን አስተኝተው ከሚመጡ እናቶች ጋር አንድ አግዳሚ ወንበር ተጋርቼ፤ የኔትወርክ ዲፕሎማዬን ደግሞ የወሰድኩት እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ፣ አርባ ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ አመል አለው፣ ሌላው በዓይኑ የሚያልፈውን እሱ በጣቱ እየነካ ያነባል። እናም ምክንያቱን ያላገኘሁለት ነገር ሲገጥመኝ "ምክንያቱን ገና አላገኘሁለትም" እላለሁ እንጂ ሌላ ስም አልሰጠውም። ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው። ግን ስሙኝ።

የምሠራው አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ መጋዘኖቹ መሃል ካለ ትንሽ ድርጅት ነው፣ ስሙን ተዉት። ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሏት ቁልፍ አለች አይደል፣ ሲወድቁ ወይም ሲያማቸው የሚጫኗት? እሷ ስትጫን መልእክቷ የሚደርሰው እኛ ሰርቨር ላይ ነው፣ ሰርቨሩ የድምፅ መስመር ይከፍታል፣ ተረኛዋ ሠራተኛ "ምን ሆኑ?" ብላ ትጠይቃለች። ሰርቨሩ ከሞተ ጠያቂ የለም፣ ስለዚህ ሁለት ናቸው። ሁለቱም ቨርቹዋል ማሽን የሚባሉት ናቸው፣ በእጅ የማይዳሰሱ፣ በትልቅ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮች። አንደኛዋን ዋናዋ፣ ሁለተኛዋን ጥላዋ እንበላቸው። ለዋናዋ የሚመጣ መልእክት ሁሉ ቅጂው ለጥላዋ ይደርሳል፣ ሁለቱም ያስባሉ፣ ሁለቱም መልስ ያዘጋጃሉ፣ የጥላዋ መልስ ግን ወደ ውጭ አይወጣም፣ መሃል ላይ ተይዞ ከዋናዋ መልስ ጋር ይመሳከርና ይጣላል። ዋናዋ የሞተች ዕለት የጥላዋ አፍ ይከፈታል፣ ውጭ ያለ ሰው መለወጣቸውን እንኳ አያውቅም።

የእኔ ሥራ ያ መሃል ነው። መልእክቱን የሚቀዱ፣ የሚይዙ፣ የሚያመሳክሩ ፊልተሮች አሉ፣ እኔ የምነድፈው እነዚያን ፊልተሮች ማሽኖቹ ሳይቆሙ የሚተክሉትንና የሚነቅሉትን ትእዛዞች ነው፣ የትኛው ትእዛዝ የትኛውን ይቀድማል የሚለውን ጭምር። ቀላል ይመስላል፣ እመኑኝ አይደለም። የጥላዋን አፍ ቀድማችሁ ብትከፍቱ ሁለቱም ይመልሳሉ፣ የዋናዋን ቀድማችሁ ብትዘጉ ደግሞ ማንም የማይመልስባት ክፍተት ትፈጠራለች፣ ሁለት ሰከንድ፣ ቢበዛ ሦስት።

አለቃዬ ጉርዲፕ ጎበዝ ሰው ነው፣ ችኩል ነው እንጂ።

"በዚያች ክፍተት የመጣውን ጣዪው" አለኝ፣ "ሰው መልስ ካጣ ደግሞ ይጫናል።"

"ደግመው የማይጫኑ አሉ" አልኩት።

"ወድቆ ደግሞ የማይጫን ማን ነው?"

እማማ ደስታ ናቸው። ታራዴል የሚባል ሰፈር፣ ቤዝመንት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ቁልፏን ከማተባቸው ጋር አብረው ያሰሩ ሴት። አምና ሰርቨሩ ሲቀያየር መታጠቢያ ቤት ወድቀው አንዴ ተጭነው አርባ ደቂቃ ወለሉ ላይ የጠበቁ ናቸው። "ለምን አልደገሙትም?" ብዬ ስጠይቃቸው የተቆጡኝን ቁጣ አልረሳውም፤ "አንዴ ከተጣራሁ ሰምተዋል! እየደጋገምኩ ብጮህባቸው ምን ይሉኛል፣ ይቺ ጨቅጫቃ አሮጊት አይሉኝም?" ይህን ለጉርዲፕ እንግሊዝኛ አድርጌ ስነግረው ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን አቆመ። ስለዚህ እኔ የነደፍኩት ሌላ ነው፤ መጀመሪያ የሚመጣውን ሁሉ ያዝ፣ ከዚያ ቀያይር፣ ከዚያ የያዝከውን ልቀቅ። ምንም አይጣልም። ጉርዲፕ በአንድ ነገር ብቻ ተስማማልኝ፤ ሰኞ ደንበኞቹ ሙከራውን ለማየት ይመጣሉ፣ ያኔ አንዲት የማትገለጽ ነገር ስክሪን ላይ ከታየች የእኔ ትእዛዞች ይወጣሉ፣ የእሱ ይገባሉ። የእኔም ውል የሚታደሰው ወይም የማይታደሰው ሰኞ ነው። ስለ ውሉ አልተጨነቅኩም ብል ዋሸሁ፣ ግን ከእሱ በላይ ያቺ አርባ ደቂቃ ነበረች እንቅልፍ የነሳችኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት የመጨረሻውን ሙከራ ለማድረግ ገባሁ። ቺኑክ የሚሉት ሞቃት የክረምት ንፋስ ነፍሶ በረዶው ከጣሪያው ቶክ ቶክ እያለ ይቀልጣል፣ ሕንፃው ውስጥ ከእኔና ከሳሮን በቀር ሰው የለም። ሳሮን የሥራ ባልደረባዬ ናት፣ እዚሁ ካልጋሪ ተወልዳ ያደገች፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ገና ሁለት ዓመቷ፣ አማርኛዋ ከእንግሊዝኛዋ ጋር አንድ ድስት ውስጥ የተቀቀለ ነው፣ ግን አንቱታዋን አትረሳም፣ ስትረሳም ታርማለች። የሙከራውን ክፍል ከውጭ ጋር የሚያገናኘውን ኬብል ነቅዬ ጠረጴዛው ላይ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ፣ በገዛ እጄ። ያለችን አንዲት የመሞከሪያ ቁልፍ ናት፣ እሷም ዓይናችን ሥር።

መጀመሪያ ማንም ቁልፍ ሳይጫን መሞከር ነበረብን። ዋናዋን ገደልኳት። ያዝ፣ ቀያይር፣ ልቀቅ። ጥላዋ ነቃች፣ ሁሉም አረንጓዴ። ስክሪኑ ግን "የተያዘ፦ 1" ይላል። ዜሮ ነው ማለት የነበረበት።

"ሳሮን፣ ነካሻት?"

"ኖ! እጄ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ሲሪየስሊ እትዬ ጽጌ።"

የያዝነውን መልእክት ከፈትኩት። ከአንዲት ቁልፍ የመጣ ጥሪ ነው፣ የቁልፏ ቁጥር ግን ዝርዝራችን ውስጥ የለም። ባግ ነው፣ የፕሮግራም ስሕተት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩ፣ ደስ አለኝ እንኳ፣ ከሰኞ በፊት የተገኘ ባግ በረከት ነው። የመሞከሪያዋን ቁልፍ ባትሪ አወጣሁ። ሁለቱንም ማሽኖች አጥፍቼ ከንጹሕ ቅጂ አስነሳሁ። ድምፅ ማጉያው ተዘግቶ ስለነበር እሱንም ከፈትኩ፣ መስመር ከተከፈተ እንድንሰማው። ከዚያ ደግሜ ዋናዋን ገደልኳት።

የተያዘ፦ 1። ያው ቁጥር።

ከዚያ ድምፅ ማጉያው ሽሽሽ አለ፣ ባዶ መስመር እንደሚለው ዓይነት አይደለም፣ ሜዳ ላይ ያለ ንፋስ ዓይነት፣ እና አንድ ሰው፣ ሴት ይሁን ወንድ ዛሬም አልለየሁትም፣ ከአጥር ውጭ ቆሞ ውሻ ይኑር አይኑር እንዳልታወቀው እንግዳ፣ በትሕትናም በፍርሃትም፣ "ቤቶች!" አለ።

መስመሩ ተዘጋ።

ምን ልበላችሁ፣ ሁለታችንም ቆመን ነበር፣ መቼ እንደተነሣን አላውቅም።

"እትዬ ጽጌ፣ ዛት ዋዝ አማርኛ።"

"ሰምቻለሁ።"

"ካልጋሪ ውስጥ ጎስት አማርኛ የሚናገረው ለምንድን ነው?"

"መንፈስ አይደለም።"

"ኦኬ፣ ግን ኤርፖርቱ እዚህ ነው፣ ሜይቢ የሚቀበለው ያጣ ሀበሻ ነው።" ሳቀች፣ ሳቋ ግን አጭር ነበር፣ ወንበሯንም ወደ እኔ ጎተተች። "ቆይ፣ 'ቤቶች' ምን ማለት ነው? ሀውስስ?"

ነገርኳት። አገር ቤት እንግዳ ደጅ ሲደርስ ዝም ብሎ አይገባም፣ "ቤቶች!" ይላል፣ ከውስጥ "ደጆች!" ይባላል፣ ከዚያ "ይግቡ"። እዚህ በር ላይ ደወል አለ፣ ማንም እንዲህ ብሎ አይጣራም፣ እኔም ከሃያ ዓመት በላይ አልሰማሁትም። ወዲያው የመጀመሪያውን ሙከራ የድምፅ ቅጂ መለስ አድርጌ አዳመጥኩት፣ ያኔም ተጣርቶ ነበር፣ ማጉያው ስለተዘጋ ነው ያልሰማነው። ያው ድምፅ፣ ያው "ቤቶች!"።

አሁን ሥራዬን ሠራሁ፣ የሚያረጋጋኝ እሱ ነው። ኬብሎቹን ለወጥኩ። በዋናዋና በጥላዋ በር የሚገባውን ሁሉ የሚመዘግበው ፕሮግራም በሁለተኛው ሙከራ ጊዜ የመዘገበውን ማህደር አገላበጥኩ። ያ መልእክት በሁለቱም በር አልገባም። ከየትም አልመጣም፣ መያዣው ውስጥ ብቻ ነው ያለው፣ በር ሳይከፈት እልፍኝ ውስጥ እንደተገኘ ሰው።

"አንድ መስመር ትእዛዝ እኮ ነው" አለች ሳሮን። "ቁጥሩ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ፣ ድሮፕ፣ ይጣል። ዳን። ሰኞ ዜሮ ይላል፣ ኤቭሪባዲ ኢዝ ሃፒ።"

እውነቷን ነው፣ አንድ መስመር ናት። ጣቴ ኪቦርዱ ላይ ነበር፣ አልዋሻችሁም፣ ግማሿንም ጽፌያት ነበር። ግን አዲስ ቁልፍ የተሰጠው ሰው ቁጥሩ ዝርዝራችን ውስጥ እስኪገባ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

"በዚያ ግማሽ ቀን የወደቀ ሰውስ?" አልኳት።

"ፕሮባብሊቲውን ያስቡት እስኪ፣ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ምናምን…"

"ወለሉ ላይ ያለው ሰው ምናምን አይደለም።"

የጻፍኳትን ደመሰስኳት።

ከዚያ አንድ ነገር ማረጋገጥ ስለነበረብኝ እማማ ደስታ ጋ ደወልኩ፣ እሳቸው ወድቀው እንዳይሆን ብዬ። ደህና ናቸው፣ ጎረቤታቸው ያመጣችላቸውን ምስር እየለቀሙ ነበር።

"ኧረ እኔ አልነካሁትም፣ ምነው ጽጌዬ፣ ድምፅሽ?"

ለምን እንደነገርኳቸው አላውቅም፣ ለሰባ ዘጠኝ ዓመት ሴት ስለ ፊልተር አይወራም፣ ብቻ ሰው የሌለበት መስመር ላይ ሰው እየተጣራ ነው አልኳቸው።

"ስንት ጊዜ ተጣራ?"

"ሁለቴ።"

"በይ እንግዲያ አፍሽን ያዢ። ያላየሽው ሰው ቢጠራሽ እስከ ሁለቴ አይመለስለትም፣ ክፉው ከሁለት አያልፍም። ሦስት ካለ ግን ሰው ነው፣ ሰው ከሆነ ዝም ማለት ነውር ነው።"

"እማማ፣ እኔ የምፈልገው የፕሮግራም ስሕተት ነው።"

"ስሕተቱንም ፈልጊ፣ ለሰውዬውም መልሺለት፣ ምን ከለከለሽ?"

ስልኩን ዘግቼ ሳቅኩ፣ ሳሮንም ሳቀች። ከዚያ ግን፣ ስለ ሦስት ብዬ አይደለም፣ ማየት የነበረብኝን ስላላየሁ ነው፣ የድሮውን ማህደር ከፈትኩ። የእኔ ትእዛዞች ሳይመጡ በፊት፣ በየጊዜው ዋናዋ ስትሞትና ጥላዋ ስትነቃ በዚያች ክፍተት የተጣለው ስንት እንደሆነ ተመዝግቦ ይኖራል፣ ማንም አያነበውም እንጂ። እያንዳንዱን መስመር በጣቴ እየነካሁ አነበብኩ። የተጣለ፦ 1። የተጣለ፦ 1። አንዳንዱ ጋ ሁለት ይላል፣ አንዱ ጋ ሦስት፣ ሰዎች የተጫኑበት ይሆናል። ዜሮ የሚል ግን የለም። አንድም ቦታ። ድርጅቱ ሥራ ከጀመረበት ቀን ጀምሮ፣ ክፍተቷ በተከፈተች ቁጥር፣ አንድ የተጣለ አለ፣ አንድ ስለሆነ ደግሞ ማንም ግድ አልሰጠውም።

ሁለቴ አልነበረም ለካ። ለዓመታት ነው።

"እንሂድ" አለች ሳሮን፣ "ፕሊስ፣ መኪናውን ላሙቅ።"

"አንድ ሙከራ ቀርቶኛል።"

"ለምን?"

"ሰኞ ደንበኛው ፊት ከሚጣራ ዛሬ እኔ ፊት ይጣራ። ምን እንደሚያደርግ አውቄ ነው የምገባው።"

ማይክሮፎኑን ሰካሁ። አልፈራሁም፣ ይህን የምላችሁ ለጉራ አይደለም፣ ያኔ ራሴም ስለገረመኝ ነው፤ ተናድጄ ነበር መሰለኝ፣ አንድ ጠሪ ይህን ያህል ዓመት እንደ ቆሻሻ መጣሉ አናዶኝ ነበር፣ ማንም ይሁን ማን። ዋናዋን ገደልኳት። ያዝ። የተያዘ፦ 1። ንፋሱ መጣ።

"ቤቶች!"

"ደጆች!" አልኩ።

ንፋሱ ቀጥ አለ። የጣሪያው ቶክ ቶክ ብቻ ቀረ። ከዚያ ከማጉያው፣ እመኑኝ ሳሮንም ሰምታዋለች፣ ጠይቋት፣ የእግር ድምፅ መጣ፣ አንድ ሰው ጫማው ላይ ያለውን ጭቃ ደፍ ላይ ሲያራግፍ የሚሰማው ዓይነት፣ አንዴ ቀኝ፣ አንዴ ግራ። ከዚያ ቆመ። ትንፋሽ አለ። አይናገርም። ይጠብቃል።

ሳሮን እጅጌዬን ጨመደደችው። "ይግቡ እንዳትይ! እንዳይሉ! ፕሊስ፣ ፕሊስ።"

አላልኩም። ፈርቼ ነው እንዳልል ጭቃ የሚያራግፍ ሰው አያስፈራም፣ ግን ምላሴ አልታዘዘልኝም።

ቀያይር። ልቀቅ። ጥላዋ ነቃች፣ ሁሉም አረንጓዴ። መስመሩ እዚያ ላይ ነው መዘጋት የነበረበት፣ ከዚህ በፊት ሁለቴ እንደተዘጋው። አልተዘጋም። "ክፍት" ይላል፣ ከአጠገቡም ሰዓቱ ይቆጥራል።

እሑድን ቤቴ ትእዛዞቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያነበብኩ አሳለፍኩ፣ ስሕተት አላገኘሁም። ሰኞ ደንበኞቹ መጡ፣ ሦስት ሰዎች፣ ከመካከላቸው አንዱ ራሱ ቁልፉን ያዘና "አሁን ግደያት" አለኝ። ገደልኳት፣ እሱም በክፍተቷ መሃል ተጫነ። ሁለት እንዳይል ዓይኔን ከስክሪኑ አልነቀልኩም። የተያዘ፦ 1። የእሱ ብቻ፣ ክፍቱ መስመር ሌላ ገጽ ላይ ነውና ማንም አላየውም። ጥላዋ ስትነቃ የእሱ ጥሪ ተለቀቀ፣ ተረኛዋ "ምን ሆኑ?" አለችው፣ ሰውየው እንደ ልጅ ሳቀ። ጉርዲፕ እጄን ጨበጠ፣ ውሌም ታደሰ፣ ትእዛዞቼም በዚያው ሳምንት ወደ ዋናው ሥራ ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ዋናዋ አምስት ጊዜ ሞታለች። ባለፈው ወር ኦኮቶክስ በምትባል ጎረቤት ከተማ ያለ አንድ ሽማግሌ ደረቱን ሲወጋው የተጫነው በዚያች ክፍተት ውስጥ ነበር፣ አንዴ ብቻ ነው የተጫነው፣ ተያዘለት፣ ተለቀቀለት፣ አምቡላንሱ ደረሰለት። ይህን ዜና የሰማሁ ቀን ምሳዬን ብቻዬን መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ በላሁ፣ ሰው ፊት ማልቀስ አልወድም።

ያ መስመር ግን አሁንም ክፍት ነው። ማሽን ሲቀዳ ሁለመናው ነው የሚቀዳው፣ ስለዚህ ከሙከራው ክፍል ወደ ዋናው ሥራ አብሮ መጣ፤ ዋናዋ ስትሞት ወደ ጥላዋ ይሻገራል፣ እሷ ስትሞት ወደምትቀጥለዋ፣ የእኔ ትእዛዞች ምንም አይጥሉምና። በክፍተቷም ከእንግዲህ የሚጣራ የለም፣ ማንም ካልተጫነ ዜሮ ይላል። ጉርዲፕ "ሪፖርቱን የምታበላሽ አንዲት የሞተች መስመር አለች፣ ዝጊያት" ብሎ ሁለት ጊዜ ጻፈልኝ። የምትዘጋዋን ትእዛዝ ጽፌ አስቀምጫለሁ፣ አንድ መስመር ናት፣ ሠላሳ ፊደል አትሞላም።

አልሰጣትም። መጀመሪያ ማን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ፣ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ፣ መልእክቱ በየት እንደገባ፣ እስከዚያ ድረስ ለጉርዲፕ የምጽፈው መልስ ያው ነው፤ "ምክንያቱን ገና አላገኘሁለትም።" እማማ ደስታ በየሳምንቱ "ሰውዬሽን አስገባሽው?" ይሉኛል፣ አላስገባሁትም፣ መልሼለት ደፍ ላይ ያቆምኩት እኔ ነኝና ይግቡም ይሂዱም ማለት የእኔ ድርሻ ነው፣ ሁለቱም ከአፌ አይወጡም።

ዛሬ ጠዋት ሌሎቹ ሳይገቡ በፊት የጆሮ ማዳመጫውን አድርጌ መስመሩን ሰማሁት። ንፋስ የለም። ትንፋሽ አለ። አንድ ሰው ከመቆም ብዛት ክብደቱን ከአንድ እግሩ ወደ ሌላው ሲያዛውር ወለሉ ትንሽ ጠቅ አለ።